ስድስተኛው ሳምንት ሳይደርስ

ከጓሮ እስከ ማዕድ

ስለ ጓሮ ዶሮ በተጨዋወትን ቁጥር «ድርጭትስ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድርጭት ሰፊ ቦታ አትፈልግም፤ እንደ አውራ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር አትቀሰቅስም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶሎ ትደርሳለች። ታዲያ አብዛኛው ጠያቂ የሚጀምረው ከፊተኛው ጫፍ ነው፦ ጫጩት ከየት ላግኝ? ስንት ልግዛ? ምን ላብላት?

እኔ ደግሞ ዛሬ ከኋለኛው ጫፍ ልጀምር። ለሥጋ የሚረባ ድርጭት ስድስተኛ ሳምንቱ ሲሞላ ማን ያርደዋል? የት? በየትኛው ቀን? ማንስ ይበላዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤት ጫጩት ባይገዛ ይሻለዋል። መጥኖ መደቆስ የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ድርጭት የምትባለው

የዱር ድርጭት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። በደጋው የስንዴና የገብስ ማሳ ውስጥ ሲሄዱ ከእግር ሥር ድንገት ፍር ብላ የምትነሳው ትንሽ ቡናማ ወፍ እርሷ ናት። በቤት የምትረባው ግን የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የጃፓን ድርጭት ናት።

ይበላል ወይ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እና በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት ሥጋ የድርጭት ነው። በቁርኣንም ከመና ጋር የተጠቀሰው «ሰልዋ» ድርጭት እንደሆነ በአብዛኛው ይተረጎማል። ስለዚህ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት ጥያቄው «ይፈቀዳል ወይ?» ሳይሆን «ያዋጣል ወይ?» ነው።

ሂሳቡን በግልጽ እንነጋገር

ድርጭት ርካሽ ሥጋ ናት የሚላችሁን አትመኑ። አንዲት ድርጭት ከእንቁላል ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ፣ አንዳንዴም ወደ 700 ግራም የሚጠጋ መኖ ትበላለች። በዚያ ጊዜ 200 ግራም ብትመዝን፣ ታርዳና ተጸድታ የሚቀረው 140 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ የጸዳ ሥጋ ለማግኘት ሰባት ድርጭት፣ ለሰባቱ ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ መኖ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሥጋ ዶሮ ይህንኑ ኪሎ በግማሽ መኖ ይሰጣል። በሰፈርዎ ያለውን የመኖ ዋጋ በአምስት ያባዙና ከሥጋ ቤቱ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። የጫጩቱ፣ የመብራቱና የሚሞተው ድርሻ ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ጥቅሟ ምንድን ነው? መጠኗ ነው። አንዷ ለአንድ ሰው ትበቃለች፤ ለጠገበ አንድ፣ ለራበው ሁለት። ለምሳ የሚበላውን ያህል ብቻ ማረድ ይቻላል፤ የሚያድር፣ የሚበላሽ የለም። ሠላሳ ድርጭት አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ኬጅ ውስጥ ይኖራል። ቢከስር እንኳ ኪሳራው የአንድ ወር ተኩል ነው፤ ዓመት አያስጠብቅም።

ይህ ጥቅም ግን ቀን አለው። ድርጭት በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ላይ እድገቷን ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም መኖ መብላቷን ትቀጥላለች፤ ሥጋዋ ግን እምብዛም አይጨምርም። ሠላሳ ድርጭት «እስኪ በሚቀጥለው እሑድ» እየተባለ አሥር ቀን ቢቆይ ከስድስት ኪሎ በላይ መኖ በከንቱ አለቀ። በዚያ ላይ ወንዶቹ ይጮኻሉ፣ ይናከሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አናት ነጭቶ ያደማል። ብዙ የጓሮ ድርጭት የሚከስረው በበሽታ ሳይሆን በዚህ «ዛሬ ነገ» ነው።

የጎረቤታችንን የኬንያን ታሪክ ማስታወስም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ግድም በዚያ አገር የድርጭት ወረት ተነስቶ ነበር። እንቁላሉና ሥጋው መድኃኒት ነው ተባለ፤ ዋጋው ናረ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን በኬጅና በጫጩት ላይ አፈሰሰ። ሁሉም አርቢ ሲሆን ገዢ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ። የሚሸጠው ከጠፋበት ሰው ይልቅ የሚበላው ጠፍቶበት የማያውቅ ቤተሰብ ይሻላል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ለራስ ማዕድ። ገበያው ቢመጣ ምርቃት ይሆናል።

ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር

የቤታችን የሥጋ ቀን በጾምና በበዓል የታጠረ ነው። ድርጭት ደግሞ ለዚህ አቆጣጠር የተሠራች ትመስላለች። እንቁላሏ በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ 17 ወይም 18 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ 42 ቀን ማሳደግ ነው። ድምሩ 60 ቀን ያህል ሆነ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስለዚህ ጾሙ ከመያዙ በፊት ባለው ሳምንት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እንቁላሉን ማሽን ውስጥ ያስገባ ሰው፣ በቅዳም ሹር ስድስት ሳምንት የሞላው ድርጭት ይኖረዋል። ጾሙ ሲፈታ እርሷም ትደርሳለች።

ማሽን የሌለው ጫጩት ይገዛል። ለዚያ የሚሆነው ቀን ከፋሲካ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ነው። ለዒድ አልፈጥር ያሰበ ደግሞ ረመዳን ሲገባ ሁለት ሳምንት የሞላቸውን ጫጩቶች ቢይዝ፣ ጾሙ ሲያልቅ ስድስት ሳምንት ይሆናቸዋል። በረመዳን ምሽት ለአፍጥር ማረድ የሚፈልግም በዚያው ስሌት ጥቂት ሳምንት ያስቀድማል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቤት ድርጭት እንደ ዶሮ አትታቀፍም። ማቀፉን በእርባታ ብዛት ትታዋለች። ስለዚህ የራስዎን ጫጩት ለማውጣት ማሽን ወይም ማሽን ያለው ጎረቤት ግዴታ ነው። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ሆኖ፣ እንቁላሉ እስከ 14ኛው ቀን በየቀኑ ደጋግሞ ይገላበጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ከቆላው ያነሰ እንቁላል ቢፈለፈል አይደነቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ስምንት ግራም ያህል ናት፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የሚገድላት ብርድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማሞቂያው ሥር 35 ዲግሪ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሱላታል። ቴርሞ ሜትር ባይኖር ጫጩቶቹን ይዩ፦ ተደራርበው ከተከማቹ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከተኙ ደኅና ናቸው።

መብራት ቢጠፋ የፈላ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ መሃላቸው ማስቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ያሻግራል። ከሰል አንድዶ በተዘጋ ክፍል ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ጭሱ ባይታይም ጫጩቱንም፣ በአጠገቡ የተኛውን ሰውም ይገድላል።

ሁለተኛው ገዳይ ውሃ ነው። ጫጩቶቹ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ውስጥ እንኳ ይሰምጣሉ። መጠጫው ጠፍጣፋ ሆኖ በታጠበ ጠጠር ይሞላ፤ ከጠጠሩ መሃል ይጠጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፤ ያንሸራትትና እግራቸው ይከፈታል። ሻካራ ጨርቅ ይሁን፤ ከሳምንት በኋላ ሰጋቱራ ይጎዝጎዝላቸው።

መኖውን በተመለከተ፣ ድርጭት ከዶሮ የበለጠ ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ በማደጊያዋ ጊዜ 24 በመቶ ያህል። ተራው የጫጩት መኖ ይህን አይሞላም። የሥጋ ዶሮ ጀማሪ መኖ ይቀርባል፤ በደንብ የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ቢጨመርበት የበለጠ ይስተካከላል። ጥሬ አኩሪ አተር አይሆንም፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ያግዳል። ለትንሿ አፋቸው መኖው ይደቅ ወይም ይነፋ። የሻገተ ፋጉሎ ወይም በቆሎ ግን ቢያሳዝንም ይጣል፤ ሻጋታው መርዝ አለው።

ኬጁ በአንድ ካሬ ሜትር ከ40 በላይ አይያዝበት። ጣሪያው ወይ ዝቅ ይበል፣ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወይ በጨርቅ ይለበድ። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትተኮሳለች፤ በከፍተኛ ጣሪያ ሥር አናቷን ትሰብራለች። የሽቦው ቀዳዳ አይጥ የማያሳልፍ ይሁን፤ ድመትና ሸለምጥማጥም ሌሊት ይመጣሉ። ዶሮ ካለዎት በጭራሽ አያቀላቅሏቸው። ፈንግልም ሆነ ሌላ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ታመው መድኃኒት ከወሰዱም ሥጋው ለመብላት ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል

በሦስተኛው ሳምንት ደረታቸውን ይዩ። ተራ ቡናማ ቀለም ባላቸው ድርጭቶች የወንዱ ደረት ወጥ የሆነ ቀይ ቡናማ ነው፤ የሴቷ ነጣ ብሎ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ከሠላሳ ጫጩት ግማሽ ያህሉ ወንድ ቢሆን፣ ለአሥራ ሁለት ሴት ሦስት ወይም አራት ወንድ ይበቃል። የተቀሩት አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ወንዶች የስድስተኛው ሳምንት ሥጋ ናቸው። ሴቶቹ እንቁላል ይሰጣሉ፤ በጾም የማይበላው እንቁላል ደግሞ ወደ ማሽን ይገባና ቀጣዩ ዙር ይሆናል። ቤተሰቡ በዓመት ውስጥ ጥቂት ዙር እንዲህ ቢያዞር ጫጩት ፍለጋ መንከራተት ይቀራል።

የማረጃው ቀን

በብዙ ቤት ለበዓል ዶሮ ተይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ወንድ ቤት ከሌለ አላፊ አግዳሚው «እባክህ ባርክልኝ» ይባላል። ለአንድ ዶሮ ይህ ይሠራል። አሥር ድርጭት ይዞ በር ላይ መቆም ግን አይቻልም። አራጁ በቤቱ እምነት መሠረት ስሙን ጠርቶ የሚያርድ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ቀኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ሌሊቱን ወይም ከማረጃው አራት አምስት ሰዓት በፊት መኖው ይነሳ፤ ውሃው ግን ይቆይ። ባዶ ሆድ ሥራውን ንጹሕ ያደርገዋል። ሥራው በማለዳ፣ ዝንብ ሳይነሳ ይሁን። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጦ፣ አፉንም ሰፋ አድርጎ ከፍቶ፣ ተዘቅዝቆ ግድግዳ ላይ ይመታ። ድርጭቷ በአናቷ በኩል ስትገባ ክንፏ ይያዛል፤ አትንፈራገጥም፣ አትጎዳም። ቢላዋው እንደ ምላጭ የተሳለ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ደሙ እስኪያልቅና ፍጹም ጸጥ እስክትል አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ።

ላባውን ለመንጨት የፈላ ውሃ እንዳለ አይሆንም። የድርጭት ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነውና ይቀደዳል። የሚስማማው 53 ወይም 54 ዲግሪ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ፣ አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ ከአንድ ጣሳ የቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢቀላቀል ልኩን ይሰጣል። ሠላሳ ሰከንድ ያህል አገላብጦ ማውጣት ነው፤ የክንፏ ላባ ሳያስቸግር ከወጣ በቃ። ቀሪውን በአውራ ጣት ማሸት ይጨርሰዋል። የቸኮለ ሰው ደግሞ ቆዳውን ከደረቷ ላይ ቀድዶ እንደ ሹራብ ይገፍፋታል፤ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ቆዳውና ስቡ አብሮ ይሄዳል።

እግሯ ከጉልበቷ ላይ ይቆረጥ። በወጥ ቤት መቀስ ጀርባዋን ከጭራዋ እስከ አንገቷ ቆርጠው እንደ መጽሐፍ ይክፈቷት፤ የሆድ ዕቃው በአንድ ጊዜ ይወጣል። ልቧንና ጉበቷን ያስቀሩ፤ ሐሞቷ እንዳትፈስ ግን ይጠንቀቁ። በአንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢትም ይውጣ። በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ተደርጋ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ትግባ። በረዶ ከሌለ ማታውኑ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ሥጋው ሲታረድ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አርፎ ይሠራ።

ላባና የሆድ ዕቃው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አመድ ተደርጎበት ይቀበር፤ ቦይ ውስጥ አይጣል። ቢላዋውና መክተፊያው በሳሙና፣ ከዚያም በቀጠነ በረኪና ይታጠብ። በዚያው መክተፊያ ሰላጣ አይቆረጥም።

ልጆችስ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ጫጩት ቤት የሚያስገቡ ወላጆች በስድስተኛው ሳምንት ለቅሶ ይጠብቃቸዋል። ስምንት ግራም የምትመዝን፣ በእጅ መዳፍ ላይ የምትተኛ ነገር ማን የማይወድ አለ? ልጆች ስም ያወጣሉ፤ ስም የወጣለት ደግሞ አይታረድም።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን መናገር ነው፦ «እነዚህን የምናሳድጋቸው ልንበላቸው ነው። እስከዚያ ግን እንዳይርባቸው፣ እንዳይበርዳቸው እንጠብቃቸዋለን።» ልጆች ይህን ከምናስበው በላይ ይረዱታል። አንዲት ሴት ድርጭት ለእንቁላል የምትቀር ስለሆነች ስም ቢያወጡላት ችግር የለውም፤ ፍቅራቸው ወደ እርሷ ይሂድ። በማረጃው ቀን ማየት የሚፈልግ ይይ፤ የማይፈልግ አይገደድ፣ «ፈሪ» ተብሎም አይሾፍበት። አልበላም ያለ ልጅም ሽሮ ይብላ። «በረሩ» ወይም «ጠፉ» ብሎ መዋሸት ግን አይጠቅምም፤ ውሸቱ ሲገለጥ የሚጎዳው በወላጁ ላይ ያለው እምነት ነው።

ከነኳቸው በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ለሁሉም ግዴታ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኳቸው ይመረጣል፤ ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች።

ወደ ድስቱ

የዶሮን አሥራ ሁለት ብልት የሚያወጣ እጅ በድርጭት ላይ ሥራ ይፈታል፤ ለሁለት መከፈል ብቻ ይበቃታል። ወጡን የሚወስነው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ድርጭቷ ትገባለች፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በቂዋ ነው። እንደ ዶሮ አብራ ብትንተከተክ ሥጋዋ ከአጥንቱ ይለቅና ወጡ ውስጥ ይጠፋል። በሎሚና በጨው ማጠቡም ፈጠን ይበል፤ ሎሚ ውስጥ ብትቆይ ስሱ ሥጋ ይነጣል፣ ይደርቃልም። የራሷን እንቁላል ቀቅለው ሲያስገቡ አራት ወይም አምስቱን እንደ አንድ የዶሮ እንቁላል ይቁጠሩ።

ለጥብስ የሚፈልጋት ደግሞ ከጀርባዋ እንደተከፈተች በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽቶ፣ በጋለ መጥበሻ ላይ በየጎኗ አምስት ስድስት ደቂቃ ያቆያታል። ከታፋዋ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀይ መሆኑን ሲተው ትነሳ።

ጫጩት ከማዘዝዎ በፊት

አንድ ወረቀት ያውጡና አራት ነገር ይጻፉ፦ የማረጃውን ቀን፣ የአራጁን ስም፣ የሚበሉትን ሰዎች ቁጥር፣ እስከዚያ ቀን የሚያስፈልገውን የመኖ ኪሎ። አራቱም ከተሞሉ ቁጥሩ ራሱ ስንት ጫጩት እንደሚገዙ ይነግርዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠላሳ አይብለጥ። አንዱ እንኳ ባዶ ከሆነ ግን ኬጁን ከመሥራት ይቆዩ፤ ድርጭቷ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው የምትጠብቅዎ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ጓሮ ጎመንና ስለ ድርጭት ፍግ እንጨዋወታለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።